የቱ ግማሽ ይቅደም?

አባቴ ቤት መሥራት የጀመረው ከሰርቪሱ ነው። ኮተቤ ነው ነገሩ። መሬቱን ያገኘው ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ጋር በማኅበር ተደራጅቶ ነበር። 150 ካሬ። እጁ ላይ የነበረው ገንዘብ ለትልቁ ቤት መሠረት እንኳን አይበቃም። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ከግቢው ጀርባ፣ አጥሩን አስጠግቶ፣ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አቆመ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ። አምስት ሆነን ገባንበት። ከፊታችን ያለው ባዶ መሬት "የትልቁ ቤት ቦታ" ይባላል። ጎመንና ድንች ይተከልበታል፣ ሲመሽ ኳስ እንጫወትበታለን፤ ስሙ ግን የትልቁ ቤት ቦታ ነው።

ትልቁ ቤት የተሠራው በዕቁብ ነው። ዕቁብ ሲወጣ ድንጋይ ይመጣል። የሚቀጥለው ሲወጣ ብሎኬት። በመሃል አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ምንም አይመጣም። ግድግዳው ወገቡ ላይ ቆሞ ይከርማል። አራተኛ ክፍል ሆኜ መሠረቱ ተቆፈረ። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ኮርኒሱ ተመታ። ቤታችን ከእኛ ጋር እኩል አደገ ብል ይቀለኛል።

አባቴ ከፊት ያሉትን ሁለት ክፍሎች በቆርቆሮ አልከደናቸውም። ተበድሮ ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ጣሪያ፣ ሞላባቸው። ከዚያ ኮለኖቹን፣ ማለትም የአርማታ ምሰሶዎቹን፣ ከሶሌታው በላይ አሳልፎ፣ በውስጣቸው ያለውን ብረት፣ ፌሮውን፣ ሳያስቆርጥ ተወው። ስድስት ኮለን፣ በያንዳንዱ አራት ፌሮ። 24 ፌሮ ወደ ሰማይ ቆሞ ቀረ። "ነገ ልጆቼ ፎቅ ያወጡበታል" ይል ነበር። እናቴ እንዳይዝጉ ብላ የዘይት ፕላስቲክ ቆርጣ አለበሰቻቸው። በከተማችን ዳር ዳር የሄደ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሺህ ጊዜ አይቷል። ፌሮው እንደቆመ የቀረ ቤት ያላለቀ ቤት አይደለም። ሰውየው "ገና ነኝ" እያለ ነው።

ያንን ሁሉ እያየሁ አድጌ አርክቴክት ሆንኩ። ትምህርት ቤት የተማርኩት ግን ያለቀ ቤት መሳል ነው። ፕላኑ ሙሉ፣ ፊቱ ሙሉ፣ ዛፉና መኪናው ሳይቀር ሙሉ። አምስት ዓመት ሙሉ ከሰርቪስ የሚጀምር ቤት ሳይ ብሎ ያዘዘኝ መምህር አልነበረም። እኔም አላነሳሁትም። የአባቴ አሠራር የገንዘብ እጥረት እንጂ ዕውቀት መስሎ ታይቶኝ አያውቅም ነበር።

ይህን ሐሳቤን የገለበጠው አንድ የቺሊ አርክቴክት ነው። አሌሃንድሮ አራቬና ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ሳንቲያጎ ተወለደ። በ2016 የሙያችን ትልቁ ሽልማት የሚባለውን ፕሪትዝከርን ወስዷል። ስለ ሽልማቱ ብዙ አልልም። እኔን የያዘኝ ከዚያ በፊት የሠራው፣ ከሩቅ ሲያዩት ጥርሱ የወላለቀ አፍ የሚመስል ሰፈር ነው። ቤት፣ ክፍተት፣ ቤት፣ ክፍተት።

ሰፈሩ ኪንታ ሞንሮይ ይባላል። የሚገኘው ኢኪኬ በምትባል የሰሜን ቺሊ የወደብ ከተማ ነው። ከኋላዋ የአታካማ በረሃ፣ ከፊቷ ውቅያኖስ። በከተማዋ መሀል፣ ግማሽ ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ፣ ወደ 100 የሚጠጉ ቤተሰቦች ያለ ካርታ ለ30 ዓመት ያህል ኖረዋል። ቤቶቹ ተደራርበዋል፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ብርሃን የማይገባበት ክፍል ብዙ ነው። የእኛን ነባር ሰፈሮች የሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የቺሊ መንግሥት ለነዚህ ሰዎች ቤት ይሠራ ዘንድ የአራቬናን ቡድን ጠራ። ቡድኑ ኤሌሜንታል ይባላል። የተመደበው ድጎማ ለአንድ ቤተሰብ 7,500 ዶላር ነበር። መሬቱን መግዣ፣ ውሃና ፍሳሽ ማስገቢያ፣ ቤቱን መሥሪያ፣ ሁሉም ከዚያው ነው። ችግሩ መሬቱ ነበር። መሀል ከተማ ስለሆነ ለድሃ መኖሪያ ከሚገዛው መሬት ሦስት እጥፍ ያህል ይወደዳል። እንዲህ ሲሆን የተለመደው መፍትሔ ይታወቃል። ርካሽ መሬት ወዳለበት፣ ከከተማ ወጣ ወዳለ ሜዳ ሰዎቹን መውሰድ ነው። አራቬና ይህን አልተቀበለም። ሥራቸው፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት፣ ዘመዶቻቸው፣ ደንበኞቻቸው እዚያው ናቸው። ቦታውን ከነጠቅናቸው ቤት ሰጠን ማለት አይቻልም ብሎ ተነሣ።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። ለያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱን የቻለ ቤት በግቢ ቢሠራ 30 ያህል ቤተሰብ ብቻ ይገባል። ቤቶቹን አጥብቦ ግድግዳ ለግድግዳ ቢያያይዛቸው 60። ፎቅ ቢያቆም ሁሉም ይገባሉ። ነዋሪዎቹ ግን ፎቅ ከተሠራ የረሃብ አድማ እንመታለን እንዳሏቸው አራቬና ይተርካል። ምክንያታቸው ቀላል ነው። ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ ቤት አይሰፋም። ልጅ ሲወለድ አንድ ክፍል አይጨመርበትም። አማች ሲመጣ አይቀጠልም።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄውን የገለበጡት። አንድ ቤተሰብ 80 ካሬ ላይ ተመችቶት ይኖራል። ገንዘቡ ግን የሚበቃው ለ40 ነው። እስከዛሬ የተደረገው 80ውን ቤት ወደ 40 ማሳነስ ነበር። ክፍሎቹ ጠበቡ፣ ወጥ ቤቱ ጠበበ፣ ሰው ተጣበበ። 40ውን እንደ ትንሽ ቤት ሳይሆን እንደ ጥሩ ቤት ግማሽ ብናየውስ? ይህን ካልን የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው። የቱን ግማሽ እንሥራ?

ይህን ሳነብ ተነሥቼ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ሰርቪሳችን ታየኝ። 24ቱ ፌሮ ታየኝ።

መልሳቸው እንዲህ ነው። ቤተሰቡ በራሱ አቅም በደንብ ሊሠራው የማይችለውን ግማሽ የሕዝብ ገንዘብ ይሥራው። ኮለኑና ሶሌታው ማለት ነው፤ በመሬት መንቀጥቀጥ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ከጎረቤት የሚለየው እሳት የማያሳልፍ ግድግዳ። ደረጃው። መታጠቢያ ቤቱና ወጥ ቤቱ ከነቧንቧቸው። የቀረውን፣ ማለትም መኝታ ክፍሉን፣ ሳሎኑን፣ መስኮቱን፣ ቀለሙን፣ ቤተሰቡ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ራሱ ይሞላዋል። ለዚያ የሚሆነው ክፍተት ከጎን ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። 36 ካሬ ተሰጥቶት ወደ 70 ካሬ የሚደርስ ቤት።

እ.ኤ.አ. በ2004፣ 93 ቤተሰቦች ገቡ። ቤቶቹ አራት ግቢዎችን ከበው ቆመዋል። በአንድ ግቢ ዙሪያ 20 ያህል ቤተሰብ፣ ሁሉም የሚተዋወቅ። ብዙም ሳይቆይ ክፍተቶቹ መሞላት ጀመሩ። አንዱ በጣውላ፣ አንዱ በብሎኬት፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ብርቱካናማ። የመጀመሪያው ቀንና ከሁለት ዓመት በኋላ የተነሡትን ፎቶዎች ጎን ለጎን ላየ ሰው ሰፈር እንዴት እንደሚወለድ በዓይኑ ያያል። የቤቶቹ ዋጋም በጥቂት ዓመታት ከእጥፍ በላይ ሄደ። ለድሃ የሚሠራ ቤት እንደ መኪና ዓመት በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል ነበር የሚባለው። ይኼኛው ወጣ። ቤተሰቡ ቤቱን አስይዞ ሊበደርበት፣ ሱቅ ሊከፍትበት የሚችል ሀብት ሆነ።

አሁን ወደ እኔ ልመለስ። ይህን የምጽፈው ቺሊን ለማድነቅ ብቻ አይደለም።

ከተመረቅኩ በሦስተኛ ዓመቴ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ስሠራ፣ መሀል ከተማ ላለ አንድ ሰፈር የመልሶ ማልማት ሥራ ላይ ነበርኩ። የቀበሌ ቤቶች የበዙበት ሰፈር ነው። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ባለቤታቸው መንግሥት፣ ነዋሪያቸው ተከራይ የሆኑ ቤቶች። ጣሪያ ለመቀየር ፈቃድ ይጠየቃል። ቤቱ የኔ ነው ብሎ ደፍሮ የሚጨምርበት የለም፣ ትቶት የሚሄድም የለም። እንዲሁ ዘመመ። ነዋሪዎቹ የሚዛወሩበት ቦታ ከከተማው ዳር ተመርጦ አልቋል። የኔ ሥራ ነዋሪውን "ማወያየት" ነበር። ሦስት ትልልቅ ሥዕል በቀለም አሳትሜ ሄድኩ። ሕንፃው ከፊት ሲታይ በክሬም ቀለም፣ በጡብ ቀለም፣ በግራጫ። የቱን ትወዳላችሁ ብዬ ጠየቅኩ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ከአስፋልቱ ዳር ጫማ የሚሰፉ ናቸው፣ ስገባ አይቻቸዋለሁ። ሥዕሎቹን አላዩም።

"ልጄ፣ ከዚያ እዚህ ስንት ታክሲ ነው?" አሉኝ።

አላወቅኩም። ኪሎ ሜትሩን አውቀዋለሁ፤ ካርታው ላይ አለ። ስንት ታክሲ እንደሆነ ግን አላውቅም። ዝም ስል ከኋላ አንዲት ሴት መለሰችላቸው። "ሦስት ነው፣ አባባ። ከመሸ አራት።"

እኒያ አባት አንገታቸውን ነቀነቁና ተቀመጡ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ሒሳባቸውን ጨርሰዋል። ሲሄዱ ሦስት፣ ሲመለሱ ሦስት፤ በቀን ስድስት ታክሲ ከጫማ ስፌት አይወጣም። እኔ ያመጣሁት ሥዕል ላይ ስለዚህ ነገር አንድ መስመር የለም። ስብሰባው አለቀ፣ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ "ነዋሪው ክሬም ቀለሙን መርጧል" የሚል ዓረፍተ ነገር ገባበት። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እስከዛሬም ያቺ ዓረፍተ ነገር ትከብደኛለች።

አራቬና ደጋግሞ የሚለው ነገር አለ። የተሳሳተን ጥያቄ አሳምሮ መመለስ የከፋ ነው ይላል። ከነዋሪ ጋር መነጋገር ያስፈለገው ሰዎችን ለማስደሰት አይደለም፤ ትክክለኛውን ጥያቄ የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ ነው። ጫማ ሰፊው አባት ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር።

የጋራ መኖሪያ ቤቶቻችንን ማንኳሰስ አልፈልግም። ፕሮግራሙ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ስንቱን ከኪራይ ቤት አውጥቶ የቤት ባለቤት እንዳደረገ አውቃለሁ። ዕጣ የወጣላት አክስቴ በሬዲዮ ስሟን ስትሰማ ያለቀሰችው ለቅሶ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ነው። ግን አስቡት፤ እሱም ግማሽ ቤት ነው። የውስጥ ሥራውን የሚጨርሰው ባለቤቱ ነው። አክስቴ ወለሉን በራሷ አነጠፈች፣ ቀለሙን ቀባች፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ አሠራች። ተሠርቶ የተሰጣት ቅርፊቱ ነው፤ የቀረላት ማስዋቡ። ስፋቱ ግን ያው ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ስቱዲዮ ወዴትም አትሰፋም። አክስቴ ልጇ አግብቶ ሲወልድ ሳሎኗን በመጋረጃ ከፈለች። ገንዘቡ ቢኖራት እንኳን የምትጨምርበት ጎን የላትም። የነኪንታ ሞንሮይ ሰዎች የረሃብ አድማ ያሉት ይህን ፈርተው ነው።

ታዲያ ያንን ክፍተት ያለው ቤት አምጥተን አዲስ አበባ ላይ እንትከለው? አይሆንም። ኢኪኬ ዝናብ የማያውቃት ከተማ ናት። ጎንህን ክፍት አድርገህ ሁለት ዓመት ብትቆይ አቧራ ነው የሚገባው። እዚህ ግን ሐምሌ አለ፣ በረዶ አለ። አንድ ክረምት የግድግዳውን እግር ይበላዋል።

ይህን ጉዳይ ራሳቸውም በኋላ አግኝተውታል። ቡድኑ ደቡብ ወርዶ፣ ዝናብ ባለበት ኮንስቲቱሲዮን በምትባል ከተማ፣ ቪላ ቬርዴ የተባለ ሰፈር ሠራ። 484 ቤት። እዚያ ቤቱ ሲሰጥ ጣሪያው ሙሉ ነው። ሁለት ጎን ያለው ሙሉ ጣሪያ፣ ከሥሩ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ባዶ። 57 ካሬ ተረክበህ እዚያው ጣሪያ ሥር እስከ 85 ካሬ ትደርሳለህ። ዝናቡን ጣሪያው ይችለዋል፤ አንተ ከሥሩ በጊዜህ ትሠራለህ።

ይህቺን ለእናቴ ፎቶውን አሳየኋት። "ታዲያ ጭቃ ቤት እንዲህ አይደል እንዴ የሚሠራው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እንጨቱ ይቆማል፣ ይማገራል፣ ቆርቆሮው ቀድሞ ይመታል፤ ምርጊቱ የሚመጣው ከጣሪያው በኋላ ነው። ጭቃው ዝናብ እንዳይነካው፣ ሠሪውም ፀሐይ እንዳይመታው። አያቶቻችን ጣሪያውን የሚያስቀድሙት የትኛው ግማሽ መቅደም እንዳለበት ስለሚያውቁ ነው። እናቴ ይህን የተናገረችው ሽንኩርት እየከተፈች ነው፣ ቀና እንኳን አላለችም።

ኮንስቲቱሲዮን ከቤቶቹ በላይ ሌላ ታሪክ አላት፤ ለእኔ ከቤቶቹም ይበልጥብኛል። የካቲት መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2010 ቺሊን 8.8 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ተከትሎ ሱናሚ መጣ። በመላ አገሪቱ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። ኮንስቲቱሲዮን ማውሌ የተባለው ወንዝ ከውቅያኖሱ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች መሀሏ ተጠርጎ ሄደ። የአራቬና ቡድን ከተማዋን መልሶ የመገንባት ዕቅድ በ100 ቀን እንዲያወጣ ተጠየቀ።

በጠረጴዛው ላይ ሦስት ሐሳብ ነበር። አንደኛው ውሃው በደረሰበት ቦታ ሰው እንዳይሰፍር መከልከል። ሁለተኛው ትልቅ የአርማታ ግድግዳ ማቆም። ሦስተኛው በከተማውና በውሃው መሀል ጫካ መትከል። ዛፉ ሱናሚውን አያቆመውም፤ ጉልበቱን ግን ይሰብረዋል። ሦስተኛው ግን አስቸጋሪ ነው። ወንዙ ዳር መሬት ያላቸውን ሰዎች ማስነሣት ይጠይቃል።

ሕዝቡን ሰበሰቡ፤ መሀል አደባባዩ ላይ ማንም የሚገባበት ቤት ከፍተው። ሰዎቹ የተናገሩት ግን ስለ ሱናሚ ብቻ አልነበረም። ሱናሚ በሕይወት ዘመን አንዴ ቢመጣ ነው፤ በየክረምቱ ግን ዝናብ ሲዘንብ ከተማው ይጥለቀለቃል፣ ስለዚህስ ምን አሰባችሁ አሉ። ሌላም አሉ። ወንዙ የማንነታችን ነገር ነው፣ ዳርቻው ግን በግል ተይዞ ልጆቻችን ወደ ውሃው አይደርሱም። ጫካው ይህንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊመልስ እንደሚችል የታየው ያኔ ነው። የዝናቡን ጎርፍ ይይዛል፣ የወንዙን ዳርቻ ለሁሉ ይከፍታል፣ ሱናሚ ከመጣ ይሰብራል።

ወጪው ተሰላ። 48 ሚሊዮን ዶላር። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ተብሎ የመንግሥት ፕሮጀክቶች መዝገብ ሲገላበጥ፣ ሦስት የተለያዩ ሚኒስቴሮች እዚያው ቦታ ላይ ሦስት የተለያዩ ፕሮጀክቶች ይዘው ተገኙ። አንዱ ስለሌላው አያውቅም። ድምራቸው 52 ሚሊዮን። አንድ ላይ ሲያስቡት አራት ሚሊዮን ተረፈ።

ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ሁሉም በአንድ አፍ ሳቁ። በእኛ ሰፈር አስፋልት ሲፈስ እልል ተብሎ ነበር። በሁለተኛው ወር አንዱ መጥቶ ለቧንቧ ቆፈረው። ያንን ሳይደፍኑ ሌላው ለኬብል ቆፈረ። ክረምቱ ሲገባ ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ፣ የጎረቤት ልጅ ወድቆበት ክንዱ ተሰበረ። ቆፋሪዎቹን ጠየቅኳቸው፤ ትሑት ልጆች ናቸው። "እኛ የታዘዝነው ይህቺን መስመር ብቻ ነው፣ እትዬ" አሉኝ። ማንም ክፉ አልነበረም። ሦስቱን ካርታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያነጠፈ ሰው ነው የጠፋው። የከተማ አርክቴክት ሥራ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር አሁን የምመልሰው ይህን ነው። ካርታዎቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማንጠፍ፣ ከዚያ ጫማ ሰፊውን አባት ጠርቶ ማስቀመጥ።

አራቬና የሚነቀፍበት ነገር አለ፤ ነቀፋው ቀላል አይደለም። ግማሽ ቤት መስጠት የመንግሥትን ሸክም ወደ ድሃው ትከሻ ማዞር ነው የሚሉ አሉ። ሀብታም ሙሉ ቤት ሲያገኝ ድሃ ለምን ግማሽ ይሰጠዋል? ከዓመታት በኋላ ኪንታ ሞንሮይን ያጠኑ ሰዎችም ቅጥያዎቹ ከታሰበላቸው ክፍተት አልፈው ወደ ጋራ ግቢው መውጣታቸውን ጽፈዋል። የኮንስቲቱሲዮኑን ዕቅድ ደግሞ የደገፈው አራውኮ የተባለው ትልቅ የደን ኩባንያ ነው፤ እዚያው ከተማ ፋብሪካ አለው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ያለበትን ዕቅድ በጥርጣሬ ማየት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። "ግማሽ ቤት" የሚለው ቃል እዚህ መጥቶ በዳር ሜዳ ላይ ግማሽ ቤት ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። የኢኪኬው ሥራ ጉልበቱ ከክፍተቱ በፊት ቦታው ነው። መሀል ከተማ ነው። ሰውየው ሥራው ጋ ስላለ ነው ገቢ ያለው፣ ገቢ ስላለው ነው ክፍተቱን የሞላው። ሦስት ታክሲ ርቆ ግማሽ ቤት የተሰጠው ሰው ግማሹን ይዞ ይቀራል። ሲሚንቶ ፈልገን ያጣንበትን ጊዜም አልረሳነውም። ሰው ራሱ ይጨርሰዋል ከተባለ፣ የሚጨርስበት ብድር፣ ብሎኬቱ በቅናሽ የሚገኝበት መንገድ፣ ፈቃዱ በአንድ ቀን የሚያልቅበት መስኮት አብሮ መታሰብ አለበት። ያ ካልሆነ ነቃፊዎቹ ልክ ናቸው።

አራቬና ሽልማቱን በወሰደበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኤሌሜንታል የአራት ሥራዎቹን ንድፍ ማንም እንዲወስደው በነፃ ለቀቀው። አወረድኩት። አንድ ቅዳሜ ሙሉ አየሁት። በጣም የገረመኝ ደረጃው ነው። ቤቱ ገና ግማሽ ሆኖ፣ ደረጃው ግን ሙሉ ሆኖ፣ በቦታው ሆኖ ተሠርቷል። ምክንያቱም ደረጃ በኋላ የሚመጣ ነገር አይደለም። በኋላ ሲመጣ ያለውን ያፈርሳል።

ያን ቀን ነው አባቴ የረሳት ነገር የገባችኝ።

አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው። ኪራዩ ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ እላይ ሁለት ክፍል እንሥራ አለች። 24ቱ ፌሮ የቆሙት ለዚህ ቀን ነው። የእናቴን የዘይት ፕላስቲኮች አንድ በአንድ አወለቅኳቸው። ከሥራቸው ያለው ፌሮ ደህና ነው። ላዩ ትንሽ ዝጓል፣ በሽቦ ብሩሽ ይለቃል። ስታቲክ የሚሠራ፣ ማለትም የሕንፃን ጥንካሬ የሚያሰላ፣ ጓደኛዬ መጥቶ ኮለኑን አየው፣ ሁለት ክፍል ይሸከማል አለ። አባቴ ያንን አስቦ ነው የሠራው። ወደ ላይ የሚወጣበትን ግን የትም አላስቀመጠም። በቤት ውስጥ እናውጣው ካልን የእናቴ መኝታ ቤት ይጠፋል። በፊት በኩል ካልን የግቢው በር ይዘጋል። በኋላ በኩል ሰርቪሱ አለ፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ እኛ ያደግንበት። "ሰርቪሱን አትነኪብኝም" አለችኝ እማዬ፤ አልከራከርኳትም።

የቀረው የጎን መተላለፊያው ነው። ባለፈው እሑድ ሜትር ይዤ ሄድኩ። እማዬ አንዱን ጫፍ ይዛ አጥሩ ላይ ቆመች፣ እኔ ግድግዳው ላይ። 1 ሜትር ከ10። ጠባብ ነው፣ ግን ደረጃ ያወጣል። አልጋ ሲወጣ በገመድ ነው የሚሆነው። ከጎረቤታችን ጋር መነጋገር አለብን፣ አጥሩ የጋራ ነው። የመጀመሪያው መርገጫ የሚያርፈው ደግሞ ጌሾዋ ላይ ነው። አባቴ ሰርቪሱ ያለቀ ዓመት የተከላት ናት።

እማዬ ጌሾዋን ትንሽ ቆማ አየቻት። ከዚያ ሜትሩን ለቀቀችልኝና መጥረጊያዋን አነሣች።

"ክረምት ሲገባ እበሩ ጋ እናዛውራታለን" አለች። "አሁን ከነቀልናት ትደርቅብናለች። ግንበኛው ከሰኔ በፊት እንዳይጀምር ንገሪው።"